ሶሻል የተማረ ፊዚክስ አይነካም? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔ ከላኩልኝ ሰዎች አንዷ እዚህ ጎንደር ማታ ማታ ሒሳብና ፊዚክስ የማስጠናት ልጅ ናት። ከሥሩ "ጋሼ፣ እውነታቸውን ነው እንዴ?" ብላ ጽፋበታለች። ልጅቷ ሶሻል ጨርሳ ሥራ ይዛለች። አሁን ደግሞ ወደ ሳይንስ መዞር ትፈልጋለች። እንደ እሷ ያሉ ብዙ ናቸው። ለእነሱ "ተዪው፣ አትስሚ" ብሎ ማለፍ አይበቃም። ጽሑፉ ምክንያት ደርድሯል፤ ምላሹም በምክንያት መሆን አለበት።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በናቹራል ሳይንስ ያልተማረ ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ኮርስ እንዳይወስድ መከልከል አለበት ይላሉ። ሶሻል የጨረሰውንም፣ አቋርጦ ዘግይቶ የተመለሰውንም ይጨምራሉ። ምክንያታቸው አምስት ነው። አንደኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ ደረጃ በደረጃ የሚሄዱ ናቸው፤ ከመሃል አይጀመሩም። ሁለተኛ፣ ሳይንስ የሚሆንለት ልጅ አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ናቹራል ይመርጥ ነበር፤ አለመምረጡ ራሱ መልስ ነው። ሦስተኛ፣ ሒሳብ በልጅነት በክፍል ውስጥ ካልተያዘ ኋላ አይያዝም። አራተኛ፣ በሩ ከተከፈተ የትምህርት ደረጃ ይወርዳል፤ ነገ በሕክምናውና በግንባታው ላይ የሰው ሕይወት ይከፍላል። አምስተኛ፣ ያልተዘጋጀ ተማሪ ወድቆ ይባረራል፤ ጊዜውንም የሀገር ገንዘብንም ያባክናል። ስለዚህ የፈለገ ሰው ተመልሶ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ይጀምር።

ጸሐፊው ተቆርቋሪ መሆናቸው ከጽሑፉ ይታያል። ያልተዘጋጀ ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲሰቃይ ያዩ መምህር ይመስሉኛል። እኔም አይቻለሁ። መፍትሔያቸው ላይ ግን አልስማማም።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሳ፤ የክርክሩ እምብርት እሱ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

ሒሳብ ቅደም ተከተል አለው። ክፍልፋይ ያልገባው ሰው ራሽናል ፈንክሽን አይገባውም። ፈንክሽን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ደሪቬቲቭ ቢሰላለት ምልክት ሲገለባበጥ ያያል እንጂ ሌላ የሚያገኘው ነገር የለም። በዚህ ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከዚህ በኋላ ካለው ነገር ጋር ነው። ቅደም ተከተሉ የእውቀት ነው፤ እሳቸው ግን የትራንስክሪፕት አደረጉት። "ቬክተር የማያውቅ ሰው መካኒክስ ይከብደዋል" ማለት ትክክል ነው። "ትራንስክሪፕቱ ላይ ናቹራል ያልተጻፈለት ሰው ቬክተር አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም" ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ይሄኛው መረጋገጥ ይፈልጋል። ጽሑፉ ውስጥ ማረጋገጫ የለም።

እንዲያውም አንድ ቦታ ላይ በግልጽ ተሳስተዋል። ሶሻል የተማረ ልጅ ካልኩለስ አይቶ እንደማያውቅ አድርገው ጽፈዋል። ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት ለዓመታት የተሠራበትን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ገለጥ ያድርጉት። ሴኩዌንስና ሲሪስ፣ ሊሚትና ኮንቲኒዩቲ፣ ዲፈረንሻል ካልኩለስ፣ የደሪቬቲቭ አፕሊኬሽን፣ ኢንቴግራል ካልኩለስ፤ እነዚህ አምስት ምዕራፎች ለሁለቱም ስትሪም፣ ለናቹራሉም ለሶሻሉም፣ የጋራ ነበሩ። ልዩነቱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ናቹራሉ ወደ ሦስት አቅጣጫ ጂኦሜትሪና ወደ ማረጋገጫ ዘዴዎች ሲሄድ፣ ሶሻሉ ወደ ስታቲስቲክስና ወደ ንግድ ሒሳብ ይሄዳል። አሥራ አንደኛ ክፍልም እንዲሁ ነበር። ፈንክሽኑ፣ ኮኦርዲኔት ጂኦሜትሪው፣ ማትሪክሱ፣ ኮምፕሌክስ ነምበሩ የጋራ ነው። ለናቹራል ብቻ የተመደበው ቬክተርና ተጨማሪ ትሪጎኖሜትሪ ነበር። ለሶሻል ደግሞ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ።

ስለዚህ በዚያ መጽሐፍ የተማረ የሶሻል ልጅ በሒሳብ የጎደለው አራት ምዕራፍ ነው። ስማቸው ይታወቃል፤ ከየት እስከ የት እንደሆኑ ይታወቃል። አራት ምዕራፍ ደግሞ ይጠናል።

ዩኒቨርሲቲ ሲገባስ? የፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት) ሒሳብ ለናቹራል ተማሪዎች የሚነሳው ከሎጂክና ከሴት ነው። ከዚያ የቁጥር ሥርዓት፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይከተላሉ። ጀነራል ፊዚክስም የሚጀምረው ከአሃዶችና ከቬክተር ነው። ኮርሱን ያዘጋጁት ሰዎች የናቹራሉም ተማሪ ከታች መነሳት እንዳለበት ስላወቁ ይመስለኛል እንዲህ ያደረጉት። የሶሻሉ የፍሬሽማን ሒሳብ ደግሞ ማትሪክስን አልፎ የሚያልቀው በካልኩለስ መግቢያ ነው።

ኢኮኖሚክስንም እንመልከት። ተማሪዎቹ የሚመደቡት ከሶሻል ነው። ካልኩለስ ይወስዳሉ፣ ሊኒየር አልጀብራ ይወስዳሉ፣ ስታቲስቲክስ ይወስዳሉ፣ ከዚያ ኢኮኖሜትሪክስ ይመጣል። የሚከብዳቸው አሉ፤ ኤፍ የሚበሉም አሉ። ግን በየዓመቱ ይመረቃሉ። "ሶሻል ካልኩለስ አይችልም" የሚለው አባባል እውነት ቢሆን ኖሮ የኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንቶች ድሮ ይዘጉ ነበር።

አሁን ወደ ትራንስክሪፕቱ ልመለስ። ናቹራል መማር ማለት ናቹራል ማወቅ ነው ወይ? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠው ጥቅምት 2015 ነው። ውጤቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በስትሪም ሲታይ ናቹራል 6.8 ከመቶ፣ ሶሻል 1.3 ከመቶ። ጸሐፊው "ይኸው፣ ናቹራሉ ይሻላል" ሊሉ ይችላሉ። ይሻላል፤ እቀበላለሁ። ግን ቁጥሩን ገልብጠው ይዩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ከተማሩት መቶ ልጆች ውስጥ ዘጠና ሦስቱ ግማሹን አላመጡም። ትራንስክሪፕታቸው ላይ ግን ሁሉም "ተምሯል" የሚል አለው። እውቀቱና ወረቀቱ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

መንግሥትስ ያን ጊዜ ምን አደረገ? ሪሜዲያል ከፈተ። ግማሹን ያላመጡ ተማሪዎች ተመርጠው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፣ ለጥቂት ወራት እንደገና ተማሩ፣ ያለፉት ፍሬሽማን ሆኑ። እንግዲህ ክፍተትን በወራት መሙላት እንደሚቻል የትምህርት ሥርዓቱ ራሱ አምኗል ማለት ነው። ለአንዱ ተማሪ የተቻለው ለሌላው "ተፈጥሮው አይፈቅድም" የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከማስጠናበት ጠረጴዛ አንድ ነገር ላሳይ። ጥያቄው ቀላል ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ በ40 ሜትር ውስጥ ቆመ፤ ፍጥነቱ የቀነሰበት መጠን ስንት ነው? ናቹራል የጨረሰው ልጅ ፎርሙላውን ወዲያው ጻፈ። የመጨረሻው ፍጥነት ስኩዌር ከመነሻው ፍጥነት ስኩዌርና ከሁለት ጊዜ አክስለሬሽን ጊዜ ርቀት ድምር ጋር እኩል ነው። 72ን እንዳለ አስገባና ስኩዌር አደረገ፤ 5184። ለ80 አካፈለ፤ 64.8። ከሥሩ በሁለት መስመር አሰመረበት። መኪናው ከመሬት ስበት ስድስት እጥፍ በሚበልጥ መጠን ቆመ ማለት ነው። ተራ መኪና በፍሬን እንዲህ አይቆምም።

ሶሻል የጨረሰችው ልጅ ፎርሙላውን አታውቀውም ነበር። ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ "72ቱ በኪሎ ሜትርና በሰዓት ነው፣ 40ው በሜትር ነው፤ አብረው ይገባሉ እንዴ?" አለች። 72ን ለ3.6 አካፍላ 20 ሜትር በሰከንድ አገኘች። መልሱ 5 ነው፤ የሚቀንስ ስለሆነ ኔጌቲቭ 5። እሷ ግን እዚያ ለመድረስ ተቸገረች። 400ን ወደ ማዶ ሲያሻግሩት ምልክቱ ለምን እንደሚቀየር ስላልገባት ብዙ ደከመች። ቀጥሎ የመጣው የቬክተር ጥያቄ ላይ ደግሞ እሱ በደቂቃ ሠራው፤ እሷ ከነጭራሹ አልነካችውም።

ትበልጠዋለች ለማለት አይደለም ይህን የማነሳው። ሁለቱም ጎዶሎ አለባቸው። ጎዶሏቸው ይለያያል እንጂ የሁለቱም በስም የሚጠራ፣ ቁጭ ተብሎ የሚጠና ነገር ነው። በጸሐፊው ሕግ ግን እሱ ይገባል፣ እሷ በር ላይ ትቀራለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልቀበል። ኬሚስትሪ ከሒሳቡ ይከብዳል። ሒሳቡ እንዳልኩት በአብዛኛው የጋራ ነበር፤ ኬሚስትሪን ግን የሶሻል ተማሪ አሥረኛ ክፍል ላይ ትቶታል። ሞል የሚለው ሐሳብ በደንብ ያልገባው ሰው ስቶይኪዮሜትሪ ላይ ይቆማል፤ ሶሉሽንና ኢኩሊብሪየም ላይማ አይደርስም። አንድ የሶሻል ምሩቅ በአንድ ሴሚስተር ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ደራርቦ ልውሰድ ቢለኝ እኔ ራሴ "ተው" እለዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ የምርጫ ጉዳይ ነው። "ሳይንስ የሚሆንለት ናቹራል ይመርጥ ነበር።" ይህን ሐሳብ ሳነብ ቅር ብሎኛል። ምርጫው የሚደረገው በአሥራ ስድስትና በአሥራ ሰባት ዓመት ዕድሜ ነው። ማን እንዴት እንደሚመርጥ ደግሞ እናውቃለን። ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር የሌለው ልጅ አለ። መምህሩ ቢኖርም ላብራቶሪ የሌለው፣ ቢከር የሚባለውን ዕቃ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ተስሎ ብቻ ያየ ልጅ አለ። ጓደኞቹን ተከትሎ የሄደ አለ። "ሴት ልጅ ፊዚክስ ምን ያደርግላታል" ተብላ የተመለሰች አለች። ሶሻል ቶሎ ዩኒቨርሲቲ ያስገባል ተብሎ የተመከረም አለ። በክልላችን ባለው ግጭት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ዓመት ያለፈው፣ ሲከፈት ደግሞ ያገኘው ክፍል ውስጥ የገባም አለ። ከነዚህ ውስጥ የችሎታ ምርጫ የትኛው ነው?

በእርግጥ ሳይንስ ስላልሆነለት ሶሻል የገባም ሞልቷል። ያ ሰው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ከሥራ ወጥቶ፣ ደክሞት፣ ከኪሱ ከፍሎ ማታ ትሪጎኖሜትሪ ልማር ብሎ አይመጣም። የሚመጣው ሌላው ነው።

ሦስተኛው የዕድሜና የክፍል ነገር ነው። ጸሐፊው "አይያዝም" ነው ያሉት። "ይከብዳል" ቢሉ ዝም እል ነበር። ማስተማር ላይ ያለ ሰው እንደሚያውቀው አዋቂ ተማሪ ሥራ አለበት፣ ቤተሰብ አለበት፣ መሳሳትም ያሳፍረዋል። "አይያዝም" ለሚል ድፍን አባባል ግን አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ይበቃል። የእኛ የምህንድስና ተማሪዎች አፕላይድ ማቲማቲክስ ላይ የግሪን ቲዎረም የሚባል ይማራሉ። የቲዎረሙ ባለቤት ጆርጅ ግሪን እንግሊዝ ሀገር ኖቲንግሃም ከተማ አጠገብ በነፋስ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ላይ የሚሠራ ሰው ነበር። በልጅነቱ መደበኛ ትምህርት የተማረው አንድ ዓመት አካባቢ ነው። ትልቁን ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1828 አሳተመ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የገባው በ1833፣ አርባ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው።

"እሱ የተለየ ሰው ነው" ይባል ይሆናል። እሺ፣ ወደ ጎንደር እንምጣ። እዚህ ከተማ በአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት፣ የሚማሩ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ አሥረኛ ክፍል አልረገጡም። የ2018ን አበቅቴና መጥቅዕ አውጡ ቢባሉ እንዲህ ያደርጋሉ። 2018 ላይ 5500 ይጨምራሉ፤ ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ያካፍሉታል፤ 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። ከትራፊው አንድ ቀንሰው 12 ይይዛሉ፤ ወንበር የሚሉት እሱን ነው። ወንበሩን በ11 ሲያባዙት 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ፣ ማለትም ለ30 ተካፍሎ ትራፊው ሲያዝ፣ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ 12። ወንበሩን በ19 ሲያባዙት 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፤ መጥቅዕ 18። ሲደመሩ 30። ጾመ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ትንሣኤን የሚያወጡት ከዚህ ተነስተው ነው።

ይህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በነምበር ቲዎሪ ኮርስ ሞዱላር አሪትሜቲክ ተብሎ የሚሰጠው ነገር ነው። ሥራው ያው ነው፤ አካፍሎ ትራፊውን መያዝ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ለምን ሁልጊዜ 30 እንደሚመጡ ለአንድ የአብነት ተማሪ ብትጠይቁት 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ ነው ብሎ ሊያስረዳችሁ ይችላል። ይህ ደግሞ ማረጋገጫ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ነገ ኢንቴግራል ይሠራል እያልኩ አይደለም፤ አልጀብራው ራሱን ችሎ መጠናት አለበት። ግን በቁጥር ማሰብ የሚገኘው ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ባለው ወንበር ላይ ብቻ ነው የሚለው ሐሳብ በዚህ ከተማ እንኳ አይሠራም።

አራተኛው የደረጃ ጉዳይ ነው፤ የሰው ሕይወት ስላለበት በቁም ነገር የማየው ነጥብ ነው። ጸሐፊው ያልተዘጋጀ ሐኪምና ያልተዘጋጀ መሐንዲስ መፍራታቸው ትክክል ነው። ግን ደረጃ የሚጠበቀው የት ላይ ነው? በሽተኛ ፊት የሚቆመው ሰው ሲመረቅ ምን እንደሚያውቅ ነው የሚያሳስበን እንጂ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የትኛው ክፍል እንደተቀመጠ አይደለም። ከ2015 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና አለ። የጤና ባለሙያ ከዚያ በላይ የሙያ ፈቃድ ፈተና ይፈተናል። በመካከል ደግሞ የየኮርሱ ፈተና፣ ላብራቶሪው፣ የተግባር ልምምዱ አለ። እነዚህን ሁሉ ያለፈ ሰው ደረጃውን በምን አወረደው? ካላለፈ ደግሞ አይመረቅም። ፈተናዎቹ ደካማ ናቸው የሚባል ከሆነ ፈተናዎቹን ማጥበቅ ነው እንጂ በሩን መዝጋት አያድነንም። ደካማ ፈተና ናቹራሉንም እኩል ያሳልፈዋልና።

በሩን ከፍቶ ደረጃውን የጠበቀ አለ ወይ ለሚል ጥያቄ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥር 1971 ነው። የመግቢያ ውጤት አይጠይቅም ነበር። ሳይንስ ለሚጀምሩት ሁሉ ግን ከመሠረቱ የሚነሳ አንድ የመጀመሪያ ኮርስ አዘጋጀ። ላብራቶሪ ለሌላቸው ተማሪዎች መሞከሪያ ዕቃ፣ ማይክሮስኮፕ ሳይቀር፣ በፖስታ ወደየቤታቸው ይልክ ነበር። ያለ መሠረት አላስገባም፤ መሠረቱን ራሱ ጣለው። እኔም የምለው ይህንን ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ቢሆን የተነሳው ከተመሳሳይ ሐሳብ ነው። ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ተከፈተ። ሀገሪቱ ሁሉም ሐኪም እስኪሆን አልጠበቀችም። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) በቡድን አድርጎ አሠለጠነ፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን እውቀት ለክቶ። ነገሩ ከእኛ ክርክር ጋር አንድ ነው አልልም። ደረጃን ለመጠበቅ ከአንድ በላይ መንገድ እንዳለ ግን ያሳያል።

አምስተኛው፣ ይወድቃሉ፣ ይባረራሉ፣ ሀብት ያባክናሉ የሚለው ነው። ሀብቱን ቶሎ ልለፈው። የማታና የኤክስቴንሽን ተማሪ ከኪሱ ይከፍላል፤ የማንንም ምደባ አይሻማም። በመደበኛው ግን ቦታ ውስን ነው፤ ፉክክሩ በአንድ ፈተና ይሁን ከተባለ እስማማለሁ።

መውደቁ ግን መልስ ይፈልጋል። ጸሐፊው "ተመልሰው ከአሥራ አንደኛ ክፍል ይጀምሩ" ሲሉ፣ ከታች ጀምሮ መማር ሁልጊዜ ይበልጣል ብለው ወስደዋል። ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ግን ይህ ተፈትኗል። በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባሉ ሦስት የሁለት ዓመት ኮሌጆች፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ የአልጀብራ መሠረት ይጎድላቸዋል የተባሉ 900 ያህል ተማሪዎች በዕጣ ለሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን እንደ ደንቡ መጀመሪያ የአልጀብራ ማካካሻ ወሰደ። ሁለተኛው ያንኑ ማካካሻ በየሳምንቱ ከሚሰጥ አጋዥ ክፍለ ጊዜ ጋር ወሰደ። ሦስተኛው ማካካሻውን ዘሎ በቀጥታ የኮሌጅ ስታቲስቲክስ ገባ፤ አጋዥ ክፍለ ጊዜው ግን ነበረው። የገቡበትን ኮርስ ከመጀመሪያው ቡድን 39 ከመቶ አለፉ፣ ከሁለተኛው 45፣ ከሦስተኛው 56። በዕጣ የተመደቡ ስለሆኑ "ጎበዞቹ ሦስተኛው ውስጥ ገብተው ነው" ማለት አይቻልም።

ስታቲስቲክስ ካልኩለስ አይደለም። ይህ ጥናት "ሁሉንም ዝለሉ" አይልም፤ እኔም አልልም። ግን ሁለት ነገር ያስተምራል። ጎዶሎን ከኮርሱ ጎን ለጎን መሙላት ይቻላል። ደግሞም ሰውን ወደ ታች መመለስ በራሱ ዋስትና አይሆንም፤ እዚያ ማካካሻው ውስጥ ገብተው ከግማሽ በላዩ አላለፉም። ይህን ለማየት ኒው ዮርክ መሄድም አያስፈልግም። ሥራ ያላት፣ ልጅ የምታሳድግ ሴት ጠዋት ዩኒፎርም ለብሳ ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ጋር አሥራ አንደኛ ክፍል ትቀመጥ ማለት፣ ቃሉን ሳይጠሩ "ተይው" ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የሳይንስ ኮርስ መግባት የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ አንድ የመለያ ፈተና ይውሰድ። ሒሳቡ ላይ ክፍልፋይ፣ ፎርሙላ ማገላበጥ፣ ግራፍ ማንበብ፣ ሎጋሪዝም፣ ትሪጎኖሜትሪና ቬክተር ይኑሩ። ፊዚክሱ ላይ አሃድ መቀየርና የኒውተን ሕጎች። ኬሚስትሪው ላይ ሞልና ኢኩዌሽን ማመጣጠን። ያለፈ ይግባ። ጥቂት የጎደለው ኮርሱን እየወሰደ በሳምንት ሁለት ቀን የማካካሻ ክፍል ይከታተል። ብዙ የጎደለው አንድ ሴሚስተር መሠረቱን ይማርና እንደገና ይፈተን። ስትሪሙን ግን ማንም አይጠይቀው።

ፈተናውን ጸሐፊው ራሳቸው ቢያወጡት ደስ ይለኛል፤ ጠበቅ አድርገው ያውጡት። ለናቹራሉም ለሶሻሉም ያው ወረቀት ይሁን፣ ሲታረምም ስምና ስትሪም ተሸፍኖ ይታረም። ቀኑን ይቁረጡ፤ እኔ የማስጠናቸውን ይዤ እመጣለሁ።